ለአባትና ለእናት አንድ ቀን በሮም፦ ዘጠኝ ቦታ ወደ ሦስት የወረደበት ክር

ክር የምለው በበይነ መረብ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር ተከታትሎ የተጻፈ መልስ ነው። የክሩ ባለቤት፣ ማለትም የጠያቂው፣ ጥያቄ አጭር ነበር። አባቱ የ71፣ እናቱ የ66 ዓመት ጡረተኞች ናቸው። በመስከረም አጋማሽ ሮም ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ በመካከሉ ያለችው አንዲት ሙሉ ቀን ለጉብኝት ናት። ማረፊያቸው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። አባት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እናት ጾም አያጓድሉም። ከዚህ ቀጥሎ ዘጠኝ ቦታ ደርድሯል፦ ኮሎሲየም፣ የሮማውያን ፎረም፣ የቫቲካን ሙዚየም፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ፓንቴዎን፣ ናቮና አደባባይ፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፓኝ ደረጃ፣ ማታ ደግሞ የትራስቴቬሬ ሰፈር። የፈለገው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። የትኛው ይቀነስ የሚል ነገር አላነሣም፤ ክሩ የረዘመውም በዚሁ ሳቢያ ይመስላል።

መልስ 1 በትሕትና ይጀምራል። ለወላጆቹ ማሰቡን ያመሰግንና ዝርዝሩ ጎረምሳ እንኳ ማታ እግሩን ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፍበት መሆኑን ይነግረዋል። ችግሩ ርቀት አይደለም፤ መሐል ሮም ጠባብ ናት፣ ከትሬቪ እስከ ፓንቴዎን በዝግታ ቢሄዱም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። የሚያደክመው መቆሙ ነው፦ የፍተሻ ሰልፍ፣ የትኬት ሰልፍ፣ ወንበር የሌለው አዳራሽ። የቫቲካን ሙዚየም መተላለፊያዎቹ በኪሎ ሜትር የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ሊያየው የሚመጣው የሲስቲን ጸሎት ቤት ደግሞ የሚገኘው ወደ መጨረሻው ስለሆነ ደክሞኛል ብሎ ከመሐል መመለስ የሚያስቆጭ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙን ሙሉ በሙሉ እንዲሰርዝ፣ ከቀሩት ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ማምሻውን አንድ እንዲመርጥ፣ በቀትርና በማምሻው መካከልም ሁለት ሰዓት ያህል አልጋቸው ላይ ጋደም እንዲሉ ይመክራል።

መልስ 2 ስለ መሬቱ ነው። የመሐል ከተማው መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ድንጋዩ አናቱ ጎበጥ ያለ ነው፣ በመካከሉ ክፍተት አለ፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። የቆዳ ሶል ያለው የክት ጫማ እዚህ ላይ ጠላት ነው፤ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት የተለመደ ጫማ ያስፈልጋል። መልስ 3 አዲስ አበባ ኮብልስቶን ላይ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ይህ ሁሉ ስብከት ምን ያደርጋል ብሎ ያሾፋል። መልስ 4 ያው የመልስ 2 ጸሐፊ ነው፤ ሳይቆጣ ልዩነቱን ያስረዳል፦ ጉልበት የሚያመው ሰው የሚጎዳው በድንጋዩ ሻካራነት ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ በየእርምጃው ወደ ጎን ዘንበል ስለሚል ነው። ጥግ ጥጉን የተዘረጋው የእግረኛ መንገድ ባለበት ሁሉ እሱን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ፎረሙና የፓላቲን ኮረብታ ግን ጥግም የላቸው፣ አቀበትና ያልተስተካከለ ጥንታዊ ንጣፍ ናቸው። በዚህ ፎረሙ ተሰረዘ።

መልስ 5 ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በነፃ እንደሚገባ ያበሥራል። መልስ 6 ሹል ነው። ያ ነፃ መግቢያ ድሮም ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የነበረ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሥቷል፤ ሳያጣሩ የሚጽፉ ሰዎች ሽማግሌ ይዘው ትኬት መቁረጫው ላይ ያዋርዳሉ ይላል። በመንግሥት ሥር ያሉት ቦታዎች በነፃ የሚከፈቱት በዋናነት የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ሰልፉ ሌላ ነው። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም እውነቱ ከእርሱ ጋር ነው፣ መልስ 5ም አልተመለሰም።

መልስ 7 ኮሎሲየም ውስጥ መግባት የግድ ከሆነ ብሎ ይዘረዝራል። ትኬቱ ሰዓት የተቆረጠለት ነው፤ በድረ ገጹ የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ስም ይጻፍበታል፣ በሩ ላይም ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው ይመስል የአባትን ስም ለሁለቱም መሙላት። በየፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም፣ ፊደሉም ሳይቀር እንዳለ ይገልበጥ። ትልቅ ቦርሳና የጠርሙስ ዕቃ አይገባም። ሊፍት አለ፤ ግን የቆመ ሰው ብዙ ነው፣ መቀመጫ ትንሽ። የመላሹ ምርጫ ከውጭ ማየት ነው፤ ሕንፃው ዙሪያው በሙሉ ከውጭ ይታያልና።

መልስ 8 አንዲት ነገር ብቻ ይጨምራል፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚዋ ናት። ትኬቱ ላይ 9፡00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለወላጆች የሚሰጠው ወረቀት ላይ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ተጽፎ የሮማው በቅንፍ ይሁን። የእጅ ሰዓታቸውንም በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱ፤ በመስከረም ሮም ከአዲስ አበባ የምትዘገየው በአንድ ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ሁለት ይሆናል።

መልስ 9 ስለ መቀመጥ ነው። የስፓኝ ደረጃ ስሙ ደረጃ ስለሆነ ሰው አረፍ ሊልበት ያስባል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል፣ ፖሊሶቹ ፊሽካ እየነፉ ያስነሣሉ። አንድ አዛውንት ጉልበታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ፊሽካ ሲነፋባቸው የቀኑ ጣዕም ያልፋል። መልስ 10 ከላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያንና ዕይታውን ለሚፈልግ ሰው ከስፓኛ ሜትሮ ጣቢያ ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት እንዳለ ይጠቁማል። መልስ 11 ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሰጠው የለም። የስፓኝ ደረጃ ተሰረዘ።

መልስ 12 ስለ ውኃ በፍቅር የጻፈ ሰው ነው። በከተማዋ ከ2,500 የሚበልጡ ናዞኒ፣ ማለትም አፍንጫሞች፣ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ውኃው ቀን ከሌት ይፈሳል፣ ቀዝቃዛና የሚጠጣ ነው። ጎንበስ ማለት ለሚከብደው ሰው ብልሃት አለው፦ የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ቀና ብሎ መጠጣት ይቻላል። ኃይሉን ያላወቀ ሰው ደረቱን ያርሳል። ግማሽ ሊትር የምትይዝ ባዶ ፕላስቲክ ለሁለቱም ትበቃለች፤ እየሞሉ መሄድ ነው።

መልስ 13 ውኃ ከተጠጣ መውጫውም ይታሰብ ይላል። የሕዝብ መጸዳጃ ጥቂት ነው፤ ልማዱ ቡና ቤት ገብቶ አንድ ቡና ጠጥቶ መጠየቅ ነው። ቃሉን እናት ያውቁታል፦ ባኞ። አገር ቤት መታጠቢያው ገንዳ ነው፣ እዚያ መጸዳጃው። ፌርማታም ያው ፌርማታ ነው፣ የአውቶቡሱ ምሰሶ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ቻው ግን ይጠንቀቁባት፤ እዚያ የቅርብ ወዳጅ ሲገናኝም ሲለያይም የሚለው ነው፣ ለማያውቁት ሰው ቦንጆርኖ ይሻላል።

መልስ 14 ቡናውን ያብራራል። ባንኮኒው ላይ ቆሞ ለሚጠጣና ጠረጴዛ ይዞ ለሚቀመጥ ዋጋው አንድ አይደለም፤ በታወቁት አደባባዮች ዙሪያ የጠረጴዛው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ብዙ የጉዞ መካሪ ቆማችሁ ጠጡ ይላል፤ እርሱ ግን ለእነዚህ ባልና ሚስት ተቃራኒውን ይመክራል፦ ትርፉ ሒሳብ የቡና ሳይሆን የወንበር፣ የጥላና የመጸዳጃ ኪራይ ነው፣ ሳያንገራግሩ ይክፈሉ።

መልስ 15 እንደሚጠበቀው ማኪያቶ ላይ ደረሰ። ሮም ውስጥ ማኪያቶ ሲባል የሚመጣው በትንሽ ሲኒ ጥቁር ቡና ላይ የወተት ጠብታ ነው። የአዲስ አበባን ማኪያቶ የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው ካፑቺኖ ይዘዝ። ላቴ ብቻ ብሎ ያዘዘ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብለታል፤ ቃሉ ወተት ማለት ነውና። ከዚህ በኋላ መልስ 16 እና 17 ማኪያቶን ማን አሳመረው በሚለው ሲጨቃጨቁ ሰባት ሰባት መስመር ፈጅተዋል። እዘለዋለሁ።

መልስ 18 ወደ እናት ጾም ይመልሳል። በሮም ስመ ጥር ከሆኑት ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻና እና ግሪቻ ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ አላቸው፤ በፍስክ ቀንም ለእኛ ቤት አይሆኑም። ካቾ ኤ ፔፔ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፣ ለፍስክ ይሆናል። ለጾም ቀን ፒዛ ማሪናራ አለ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ አይብ የለውም። ፓስታ ከተፈለገ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚሠራው አልዮ ኤ ኦልዮ። አርቲቾክ የሚባለውም አትክልት በአይሁድ ሰፈር አሠራር በዘይት ተጠብሶ ይቀርባል።

መልስ 19 ያርማል፦ ፓስታው ራሱ እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ደረቁ ስፓጌቲ ዱቄትና ውኃ ነው፤ ፌቱቺኔና በእጅ የተዳመጠ ትኩስ ፓስታ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላል ይለወሳል። ጠዋት ከቡና ጋር የሚቀርበው ኮርኔቶም ቅቤ አለበት፤ ሱፕሊ የሚባለው የሩዝ ጥብስ ሆዱ ውስጥ አይብ ደብቋል። መልስ 20 ደግሞ የሰዓቱን ወጥመድ ያነሣል። ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ ማዕድ ቤቱ ተዘግቶ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። እስከ ዘጠኝ የሚጾም ሰው ልክ በሩ ሲዘጋ ይደርሳል። መፍትሔው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ፣ ፒዛ በመቀስ እየቆረጠና እየመዘነ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ፒዛ ሮሳ ሲሉ ቲማቲም ብቻ የተቀባውን ይሰጧቸዋል። መልስ 21 መንገደኛ ላይ ጾም አይጠብቅም ብሎ ሲጽፍ መልስ 22 ይህን የሚወስነው የነፍስ አባታቸው እንጂ የበይነ መረብ ሰው አይደለም ብሎ ዘጋው። ተገቢ ነበር።

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። መልስ 23 የሀገር ሰው ሮም ሄዶ ፖርታ ካፔናን ሳያይ እንዴት ይመለሳል ብሎ ይቆጫል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚያ፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ በተሠራውና በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በገባበት ሕንፃ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ይመለስ ቢልም፣ ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2002 መብረቅ መትቶት፣ በ2003 ተነቅሎ፣ በ2005 (በ1997 ዓ.ም.) በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ገባ፤ በ2008 (በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ) አክሱም ላይ ቆመ። 24 ሜትር፣ 160 ቶን ያህል። አሁን በስፍራው ያሉት የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ናቸው። እና ጉልበትን የሚመለከተው ቁም ነገር፦ ሜዳ ነው፣ ሰልፍ የለውም፣ ትኬት የለውም፣ የቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ አጠገቡ ነው።

መልስ 24 ከዚያም የሚቀርብ እንዳለ ያሳስባል። ከተርሚኒ ወጣ ብሎ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አቅራቢያ፣ የዶጋሊ መታሰቢያ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በራስ አሉላ ጦር ላለቁት ኢጣሊያውያን የተሠራ ሲሆን ከላይ ያለው ሐውልት ግብፃዊ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ትልቁ አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቸንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው፤ አምስት መቶዎቹ እነዚያው ናቸው። ወላጆቹ ከሆቴላቸው ወጥተው በየቀኑ የሚረግጡት አደባባይ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳም እስኪመለስ ድረስ በዚሁ መታሰቢያ ላይ ነበር። መልስ 25 ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. እዚያ ስንቱን በሰይፍ እንደጣለ ሲተርክ፣ መልስ 26 የኢጣሊያ ሰነዶች የሚያሳዩት የቆሰሉ ሰዎችን እንደሆነ፣ ዘርዓይም ሲሲሊ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳረፈ ጻፈ። ከዚያ የተከተለው ስድብ ነው። በመልስ 28 ላይ አንዲት እናት መሆኗ ከአነጋገሯ የሚታወቅ ጸሐፊ ሁሉንም ገሥጻ፣ ልጁ የጠየቀው ስለ አባቱ ጉልበት ነው ብላ አስታወሰች።

መልስ 29 ናቮና እንዳይሰረዝ ይማጸናል። ምክንያቱ የበርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1651 የተጠናቀቀ። ከአራቱ ምስሎች የናይል ራሱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። መልስ 30 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ካህን የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 ስለሆነ፣ ጨርቁ 33 ዓመት ዘግይቷል ብሎ ያሰላል። መልስ 31 የሰከላ ገበሬ ከሁለቱም በፊት ያውቀው ነበር ብሎ አሳጠረው። ከናቮና ፓንቴዎን አምስት ደቂቃ ነው። ፓንቴዎን በክፍያ የሚገባበት፣ ወለሉ ሜዳ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር ያለው፤ ጉልላቱ ስፋቱም ከፍታውም 43.3 ሜትር፣ አናቱ ክፍት። ለአባት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ተቀምጦ ቀና ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መልስ 32 ቅዱስ ጴጥሮስ በጠዋቱ 1 ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ማልደው ለሚነሡ ሰዎች ይህ ሰዓት ምቹ እንደሆነ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ግን የፍተሻው ሰልፍ አደባባዩን እንደሚከብ ይጽፋል። መግቢያው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ የእናት ነጠላ እዚህ ሥራዋን ትሠራለች። ጉልላቱ ላይ መውጣት 551 ደረጃ ነው፤ ሊፍት የሚቆጥበው እስከ ሰገነቱ ያለውን ብቻ ሆኖ 320 ይቀራል። አይታሰብ። መልስ 33 ከተርሚኒ ወደዚያ የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ የኪስ አውላቂ መናኸሪያ ተብሎ የታወቀ መሆኑን፣ ፌርማታው የሚያንሰው 40 ቁጥር እንደሚሻል ያክላል። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ሲሳፈሩ ማሽኑ ላይ ይመታል። በባንክ ካርድ መንካትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፣ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ሁለት ጊዜ ነክተው ሁለታችንም ከፍለናል ማለት አይችሉም።

የክሩ ባለቤት በመልስ 34 ተመለሰ። ዘጠኙን ወደ ሦስት ጉዞ አውርዷል፦ ጠዋት 1 ሰዓት ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ቀትር ላይ ናቮናና ፓንቴዎን፣ ከዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ፖርታ ካፔናና ኮሎሲየምን ከውጭ። ቀኑ ረቡዕ ነው።

መልስ 35 ረቡዕ የሚለውን ሲያይ አቃሰተ ማለት ይቻላል። ረቡዕ ጠዋት የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ሕዝብ የሚቀበሉበት ቀን ነው፤ ባዚሊካው እስከ ቀትር ይዘጋል፣ አደባባዩም በወንበርና በሰው ይሞላል። ደግሞ የጾም ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑን ገለበጠለት፦ 2 ሰዓት ላይ በሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ ወርደው ፖርታ ካፔና፣ ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ሜዳውን ይዘው ቀስ እያሉ እስከ ኮሎሲየም፣ ከዚያ በታክሲ ፓንቴዎን፤ ናቮና ላይ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ተይዞ አባት ምሳቸውን ይብሉ፣ እናት አረፍ ይበሉ፤ ሆቴል ገብተው ጋደም ይበሉ፤ 9 ሰዓት ላይ ፒዛ እየመዘነ ከሚሸጠው ሱቅ ለእናት አንድ ቁራጭ ፒዛ ሮሳ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ። ፒዛው ስትሬቶ እንዳለበት፣ ማለትም የአሳማ ስብ ሊጡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ አስቀድሞ ይጠየቅ ብሎ አክሏል።

መልስ 36 ከክሩ ባለቤት ነው፤ የፒዛውን ቃል በአማርኛ ፊደል እንዲጽፉለት ይለምናል፣ እናቱ ወረቀቱን አሳይተው ሳይሆን በአፋቸው መጠየቅ ይፈልጋሉና። መልስ 37 ጻፈለት፦ ሴንትሳ ስትሩቶ፣ ማለትም ያለ አሳማ ስብ። ከላይ ስትሬቶ የተባለውም ስሕተት ነው፣ ስትሬቶ ጠባብ ማለት ነው፤ እናት ጠባብ የሌለበት ፒዛ እንዳያዙ።